የራስዎን የፍሬን ዕቃ ይዘው ዲለር ዘንድ ሲሄዱ

የአንባቢው ጥያቄ፦ «በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምኖር ሾፌር ነኝ። መኪናዬ የ2022 ቶዮታ ካምሪ ሃይብሪድ ስትሆን 52,000 ማይል ሄዳለች። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ጠዋት ከቤት ስነሣ የፊት ፍሬኗ ይጮኻል። የገዛሁበት ዲለር የፊቱን ሸራና ዲስክ ለመቀየር 780 ዶላር ጠየቀኝ። እኔ ሸራውንና ዲስኩን ከኢንተርኔት በ140 ዶላር አዝዤ ይዤላቸው ብሄድ ‹ደንበኛ ያመጣውን ዕቃ አንገጥምም› አሉኝ። አንዱ ጓደኛዬ ሕግ ያስገድዳቸዋል ይላል። ሌላው ደግሞ ውጭ ካስገጠምክ ዋስትናህ ይቃጠላል ይለኛል። የማንኛቸውን ልስማ?»

ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የስሕተታቸው ሥር ግን አንድ ነው። ዲለሩንና አምራቹን እንደ አንድ አካል ቆጥረዋቸዋል። አሜሪካ ውስጥ ዲለር የቶዮታ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት አይደለም። የቶዮታን ስም በሩ ላይ ለመስቀል ውል የፈረመ፣ ሕንፃውም ሊፍቱም ሠራተኛውም የራሱ የሆነ ነጋዴ ነው። እንዲያውም አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች አምራቹ ራሱ ሱቅ ከፍቶ ከእነዚህ ነጋዴዎች ጋር እንዳይሻማ በሕግ አግደዋል። ዋስትናውን የሰጠዎት አምራቹ ነው፤ ዕቃዎን አልገጥምም ያለዎት ነጋዴው ነው። የመጀመሪያው ጓደኛዎ የሰማው ሕግ በእርግጥ አለ። የሚያዘው ግን ዋስትና ሰጪውን እንጂ ጋራዡን አይደለም። ጋራዡ የማይፈልገውን ሥራ አልሠራም የማለት መብቱ የተጠበቀ ነው።

ሕጉ በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግ ነው። ዋስትና የሰጠ ኩባንያ «የእኔን ስም የያዘ ዕቃ ካልገጠምክ ወይም እኔ ካልኩህ ቦታ ካላሠራህ ዋስትናህ ይቀራል» ብሎ ደንበኛውን ማሰር አይችልም። ማሰር ከፈለገ ዕቃውን ወይም ሥራውን በነፃ ማቅረብ፣ አለዚያም ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የተለየ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ኮሚሽኑም ይህን በወረቀት ላይ ብቻ አልተወውም። በ2015 የቢኤምደብልዩ ሚኒ ክፍል ደንበኞቹ በሚኒ ዕቃና በሚኒ ዲለር ብቻ እንዲገለገሉ የዋስትና ቅድመ ሁኔታ አድርጓል ብሎ ከሶት ጉዳዩ በስምምነት ትእዛዝ ተዘግቷል። በ2022 ደግሞ ሃርሊ ዴቪድሰን በተመሳሳይ ምክንያት የዋስትና ጽሑፉን እንዲያስተካክል ታዟል። እንግዲህ ሁለተኛው ጓደኛዎ የነገረዎት ነገር ሕጉ የከለከለው ራሱ ነው።

ሕጉ ገደብ አለው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ውጭ የተገዛው ዕቃና ያ ዕቃ ያደረሰው ጉዳት በአምራቹ ዋስትና አይሸፈኑም። የገዙት ዲስክ ቢሰነጠቅ ቶዮታ አይከፍልዎትም። የተሰነጠቀው ዲስክ ካሊፐሩን፣ ማለትም ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል፣ ቢጎዳው ያንንም አይከፍልም። ዋስትናዋ ያላለቀ መኪና መስኮት ማውረጃ ሞተሩ ቢቆም ግን «የውጭ ሸራ ገጥመሃል» ተብሎ ዋስትናው አይከለከልም። ጉዳቱን ያመጣው የእርስዎ ዕቃ መሆኑን የማሳየት ሸክም የአምራቹ ነው፤ አለመሆኑን እርስዎ እንዲያረጋግጡ አይጠበቅብዎትም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መጠየቅ የነበረብዎትን አልጠየቁም፦ የትኛው ዋስትና ነው የሚቃጠለው? የቶዮታ መሠረታዊ ዋስትና 36 ወር ወይም 36,000 ማይል ነው፤ ከሁለቱ የቀደመው ይዘጋዋል። እርስዎ በማይሉ አልፈውታል። የሞተሩና የካምቢዮው 60 ወር ወይም 60,000 ማይል ነው፤ ከዚህ የቀረዎት ቢበዛ 8,000 ማይል ነው፤ ይህም ለሾፌር የጥቂት ወራት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቆዩልዎት የሃይብሪድ ክፍሎቹ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል፣ የሃይብሪድ ባትሪው 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል፣ እንዲሁም በፌዴራል ሕግ የጭስ ማጽጃ ለሆነው ካታሊቲክ ኮንቨርተርና ለሞተሩ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር የተሰጠው 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ናቸው። ከእነዚህ አንዱም ከፊት ፍሬን ሸራ ጋር አይነካካም። ሸራ ደግሞ መኪናዋ አዲስ ሳለችም ቢሆን በአገልግሎት እንዲያልቅ የተሠራ ዕቃ ስለሆነ ሲያልቅ በዋስትና አይተካም። ሊያጡ የፈሩት ነገር በዚህ ጉዳይ ላይ የለም።

ለሾፌሮች አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። አንዳንድ አምራቾች ረጅሙን የሞተር ዋስትና ለታክሲና ለንግድ ሥራ የዋለች መኪና ያሳጥሩታል ወይም ይነሡታል። ለዋስትናዎ ከገዙት ሸራ ይልቅ ይህ አንቀጽ የበለጠ አደጋ አለው። ሌላ መኪና ከመግዛትዎ በፊት ከመኪናዋ ጋር የሚሰጠውን የዋስትና መጽሐፍ ገልጠው ስለ ንግድ አገልግሎት የሚለውን ያንብቡ። ሻጩ በቃል የነገረዎትን አይቁጠሩት።

አሁን ዲለሩ ለምን እምቢ እንዳለ ከውስጥ ልንገርዎት። እዚሁ አካባቢ ባለ አንድ ዲለር የጥገና ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። አዎ፣ ትርፍ አንዱ ምክንያት ነው። የጥገና ክፍል የሚኖረው ከእጅ ዋጋና ከመለዋወጫ በሚያገኘው ትርፍ ነው፤ የራስዎን ዕቃ ሲያመጡ አንዱን ገቢ ያስቀሩበታል። ሁለተኛውን ምክንያት ግን ብዙ ደንበኛ አያውቀውም፤ እርሱም የመካኒኩ አከፋፈል ነው። በብዙ ዲለሮች መካኒክ የሚከፈለው ለቆመበት ሰዓት ሳይሆን የጥገና ሰዓት መተመኛው መጽሐፍ ለሥራው ለተመነለት ሰዓት ነው። የፊት ፍሬን 1.5 ሰዓት ተብሎ ከተተመነ በ50 ደቂቃ ቢጨርሰውም፣ ሦስት ሰዓት ቢፈጅበትም፣ እጁ የሚገባው የ1.5 ሰዓት ክፍያ ነው።

አንድ ቅዳሜ የክፍሉ ኃላፊ ለቆየ ደንበኛ ሲል ደንቡን ጥሶ ደንበኛው ያመጣውን ዲስክ እንድንገጥም ፈቀደ። ጎማው ወረደ፣ ካሊፐሩ በሽቦ ተንጠለጠለ፣ አሮጌው ዲስክ በመዶሻ ተላቀቀ። አዲሱ ሲገባ የካሊፐሩ ቅንፍ አላሳልፍ አለ። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው የመኪና ስምና ዓመት ትክክል ነበር፤ ዲስኩ ግን በዚያው ስም ለምትሸጠው ትልቅ ሞተር ለያዘችው ነው። አሮጌውን መልሰን ገጠምን። ሊፍቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተይዞ ዋለ፤ መካኒኩ ከዚያ ሥራ አንድ ዶላር አላገኘም፤ ደንበኛው ደግሞ «ምንም ሳትሠሩልኝ ልታስከፍሉኝ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ዳግመኛ ደንቡ አልተጣሰም። ዲለሩ ራሱ ዕቃ ሲያወጣ በመኪናዋ 17 ፊደልና አኃዝ ባለው የቻሲ ቁጥር ስለሚፈልግ እንዲህ ያለ ስሕተት እምብዛም አይገጥመውም። ኢንተርኔት ላይ በስምና በዓመት ብቻ ለሚያዝ ሰው ግን የዘወትር ነገር ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ኃላፊነት ነው። ፍሬን ነው የምንነጋገረው። መኪናዋ መስቀለኛ መንገድ ላይ አልቆም ብላ ሰው ብትጎዳ ጠበቃው መጀመሪያ የሚፈልገው ፍሬኑን በመጨረሻ የነካውን እጅ ነው። ዕቃው ከየት እንደመጣ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

የብዙዎቻችን ግራ መጋባት የሚመጣው ከለመድነው አሠራር ይመስለኛል። አዲስ አበባ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አይቶ «ሸራና ኩሽኔታ ገዝተህ ና» ይልዎታል። እርስዎ ሶማሌ ተራ ወርደው፣ ሱቅ ለሱቅ ዞረው፣ ተከራክረው ገዝተው ይመለሳሉ፤ ለመካኒኩ የእጁን ብቻ ይከፍላሉ። ጨርቅ ገዝቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ እንደመሄድ ነው። ጨርቁ ቢያጥር ወይም ቢለቅ ሰፊውን የሚወቅስ የለም፤ ጨርቁን የመረጠው ባለቤቱ ነው። ይህ አሠራር የራሱ ጥበብ አለው። ጋራዡ ዋጋ እንዳይጨምር፣ ዕቃ እንዳይለውጥ ባለቤቱ ራሱ ይቆጣጠራል። የአሜሪካ ዲለር ግን ከነጨርቁ የሚሸጥ ሰፊ ነው። የሚሸጥልዎት የተገጠመ ሸራ ከሆነ ነገ ሲጮኽ ይዘውበት የሚመለሱት ሰው አለ ማለት ነው፤ የ780 ዶላሩም አንድ ክፍል የዚህ ዋጋ ነው። ብዙ ነው? ብዙ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ዲለሮች ለአንድ የመጽሐፍ ሰዓት ከ150 ዶላር በላይ መጠየቃቸው የተለመደ ነው፤ ዕቃውም የዝርዝሩ ሙሉ ዋጋ ተይዞበታል። ዋጋው ውድ መሆኑ ግን እርስዎ የመረጡትን መንገድ ትክክል አያደርገውም።

ምክንያቱን ላስረዳ። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እንላለን። እርስዎም ከዕቃ ሻጩ አንድ ዋስትና፣ ከሚገጥመው ጋራዥ ሌላ ዋስትና አገኛለሁ ብለው አስበው ይሆናል። በፍሬን ሥራ ላይ እነዚህ ሁለት ባላዎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ እንጂ አይደግፉዎትም። ከዲለሩ ከወጣሁ በኋላ አንድ ሰው መኪናውን አመጣልኝ። ራሱ በገዛው ዲስክ ሌላ ቦታ ፍሬን ካስቀየረ ሦስት ወር ገደማ ሆኖት ነበር፤ አውራ ጎዳና ላይ ፍሬን ሲይዝ ፔዳሉም መሪውም ይንቀጠቀጣሉ። መካኒኩ «ዲስክህ ርካሽ ነው፤ ተጣሟል» አለው። ሻጩ ደግሞ ሳይከራከር ሌላ ዲስክ ላከለት። አሁንም ለእጅ ከፍሎ አስገጠመ፤ ከጥቂት ሺህ ማይል በኋላ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። እኔ ዲስኩን አውጥቼ ሳየው ዲስኩ ምንም አልነበረበትም። ዲስኩ የሚቀመጥበት የሞዞ ፊት ላይ የዛገ ቅርፊት ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ ሳይጸዳ ነው አዲሱ ዲስክ የተጫነበት። ዲስክ ሲዞር ግራና ቀኝ እንዲወላገድ የሚፈቀድለት ብዙውን ጊዜ 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከዚህ በላይ ሲሆን በየዙሩ ሸራውን እየላሰ ውፍረቱ ያልተስተካከለ ይሆናል፤ ፔዳሉን የሚያንቀጠቅጠውም ይህ ነው። በሽቦ ብሩሽ ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነበር። ሰውየው ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ ከፍሏል፤ ሁለት የሥራ ቀን አጥቷል። ሻጩ ቃሉን ጠብቋል፤ ነገር ግን የዕቃ ሻጭ ዋስትና ሌላ ዕቃ ይልካል እንጂ የእጅ ዋጋ አይመልስም። መካኒኩም ባልሸጠው ዲስክ አልጠየቅም ብሏል። ዕቃውንም ሥራውንም አንድ ሰው ይዞት ቢሆን ኖሮ ወደሌላ የሚጠቁመው ጣት አይኖረውም ነበር።

ወደ እርስዎ መኪና ልመለስ። ሸራዎ ማለቁን ማን ነገረዎት? በጥያቄዎ ውስጥ የሸራው ውፍረት በሚሊሜትር ተጽፎ አላየሁም። ሃይብሪድ መኪና ፍሬን ሲያዝ ፍጥነቷን የምትቀንሰው በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ሞተሯን እንደ ጄነሬተር አስዙራ ባትሪዋን በመሙላት ነው። ሸራው ዲስኩን አጥብቆ የሚይዘው በኃይል ሲረግጡ ወይም መጨረሻ ላይ ልትቆም ስትል ነው። ስለዚህ በሃይብሪድ ላይ ሸራ ብዙ ይቆያል፤ የሚቀድመው የዲስኩ ዝገትና የካሊፐሩ ፒን መድረቅ ነው። ሌሊት ዝናብ ወይም ጤዛ ካደረበት፣ ወይም ክረምት ላይ መንገዱ ጨው ከተበተነበት፣ ጠዋት ዲስኩ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፍሬኖች ጮኾ ዝም ካለና ቀኑን ሙሉ ካልተመለሰ ነገሩ ይኸው ነው፤ ዕቃ አይቀየርለትም። ሸራ ሲያልቅ ዲስኩን እንዲነካ የተሠራው ቀጭን ማስጠንቀቂያ ብረት ግን ቀኑን ሙሉ ያፏጫል፤ ጠዋት ብቻ አይመርጥም። ሦስተኛው ሊሆን የሚችል ነገር ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ቅባቱ ደርቆ ተይዞ፣ አንዱ ሸራ ከሌላው ቀድሞ መበላቱ ነው። ይህ ከሆነ አዲስ ሸራና ዲስክ ቢገጠምበት ያንኑ ስሕተት በአዲስ ዕቃ ላይ ይደግማል። አዲስ ሸራ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ነው፤ 3 ሚሊሜትር ሲደርስ መቀየር አለበት። የውስጡንም የውጩንም፣ የግራውንም የቀኙንም ልኬት ጽፈው ይስጡኝ ይበሉ። ቁጥር የማይሰጥ ሰው ሸራዎን አላየውም።

ስለገዙት ዕቃም ጥቂት ልበል። ከአምራቹ ሳጥን ውጭ የሚሸጥ ሁሉ አንድ አይደለም። ቶዮታ ሸራና ሾክ አብዞርበር ራሱ አይጋግርም፤ እንደ አይሲን፣ አኬቦኖና ካያባ ያሉ ኩባንያዎች ለመኪና ፋብሪካዎች ያቀርባሉ፤ በራሳቸው ሳጥንም ይሸጣሉ። እንዲህ ያለውን ገዝተው ከሆነ አልተታለሉም። ከእነርሱ ቀጥሎ በጥራቱ ስም ያተረፈ ሌላ አምራች አለ። በሦስተኛ ደረጃ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት፣ ፎቶው የሚያምር፣ ሁለት ዲስክና አራት ሸራ በአንድ ሳጥን አድርጎ የሚልክ ሻጭ ይመጣል። በአሜሪካ አዲስ መኪና ሊያሟላው የሚገባ የፍሬን መለኪያ አለ፤ በኋላ ተገዝቶ ለሚተካ ሸራ ግን እንዲህ ያለ አስገዳጅ የፌዴራል መለኪያ የለም። የሸራውን ጠርዝ ይመልከቱት፤ ከረጅሙ ጽሑፍ መጨረሻ ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመዋል። የመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን የመያዝ ኃይል ይናገራል። ኢ ዝቅ ያለ ነው፤ ኤፍ መካከለኛ ነው፤ ጂ ከፍ ይላል። ፊደሉ ከፍ ማለቱ ሸራው ምርጥ ነው ማለት አይደለም። ከመኪናዋ ላይ ከወጣው ዝቅ ያለ ከሆነ ግን አይግጠሙት።

ፍሬን እንዲህ ካለ፣ ከኢንተርኔት በፍጹም የማይገዛ ዕቃም አለ። የኤር ባግ ዕቃ አንዱ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2012 ስለ ሐሰተኛ ኤር ባጎች ሕዝቡን አስጠንቅቋል፤ ፍርስራሽ ብረት ፊት ላይ የሚረጭ ዕቃ በርካሽ ተገኘ ተብሎ አይደሰቱበትም። ካታሊቲክ ኮንቨርተርም እንዲሁ ነው፤ እርስዎ ገና 80,000 ማይል ስላልሞሉ ራሱ ቢበላሽ በነፃ የሚቀይርልዎት ዲለሩ ነው። የፊት መስታወት ከቀየሩ ደግሞ ከኋላው ያለው ካሜራ እንደገና መስተካከል አለበት፤ መኪናዋን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ሞላ (ስፕሪንግ) መግጠምም የካሜራውንና የራዳሩን እይታ ያዛባል። እነዚህን ርካሽ እጅ አይንካቸው።

የሚያዋጣዎትን መንገድ እንመልከት። ዲለሩን ካልለቀቅሁ ካሉ ከተቀባዩ ጋር አይከራከሩ፤ ሥልጣኑ የእርሱ አይደለም። መኪና ከሚቀበለው ሰው ፊት ተነሥተው ወደ መለዋወጫ መስኮቱ ይሂዱ። ብዙ የቶዮታ ዲለሮች የአምራቹን ዕቃ በኢንተርኔት በቅናሽ ይሸጣሉ፤ የአንዱን ዋጋ አሳይተው «ትቀራረባላችሁ?» ቢሉ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጎማ ላይ እንዲያውም ዋጋ ማስተካከል የተለመደ ነው። ዲለሩ ራሱ የሌላ አምራች ዕቃ አስመጥቶ እንዲገጥምልዎትም ይጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ያደርጉታል። ፎርድ በ2017 ኦምኒክራፍት የሚባል፣ የሌሎችን አምራቾች መኪና የሚያገለግል የዕቃ መስመር የከፈተው፣ ጄነራል ሞተርስም ኤሲዴልኮን በተለያየ የዋጋ ደረጃ የሚሸጠው ዲለሩ ራሱ ይህን ገበያ ስለሚፈልገው ነው። ዲለሩ ራሱ ያወጣው ዕቃ ከሆነ ዋስትናውም ከእርሱ ነው። ያመጡትን እንገጥማለን የሚል ዲለር ቢያገኙ ግን የሥራ ማዘዣው ላይ «በእጅ ሥራው ላይ ዋስትና የለም» የሚል ቃል ማስፈሩ አይቀርም፤ ሳያነቡ አይፈርሙ።

እኔ ለእርስዎ የምመክረው ግን ይህን ነው። ሳጥኑ ካልተከፈተ፣ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ የገዙትን ይመልሱት። ከዚያ ሃይብሪድ በየቀኑ የሚሠራ የግል ጋራዥ ይፈልጉ፤ በዚህ አካባቢ የወገኖቻችንም ጥሩ ጥሩ ጋራዦች አሉ። መጀመሪያ መርምሩልኝ፣ ልኬቱን ስጡኝ ይበሉ። መቀየር ካስፈለገ ዕቃውን ራሱ ጋራዡ ያምጣው፤ የትኛውን ስም እንደሚፈልጉ ይምረጡ፤ ለዕቃውም ለእጁም ቢያንስ 12 ወር ወይም 12,000 ማይል በጽሑፍ ዋስትና ይስጥዎት፤ 24 ወር የሚሰጡም አሉ። ከራስዎ 140 ዶላር ዕቃ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከ780ው ግን በደንብ ይወርዳል። ስሌቱን በራስዎ ቁጥር ያውጡት። የእጅ ዋጋ 220 ዶላር ነው ብለን እንያዝ። የእርስዎ ዕቃ አንድ ጊዜ ቢመለስ 140 ሲደመር ሁለት ጊዜ 220፣ 580 ዶላር ደርሰዋል፤ ያልሠሩበት ቀን ገና አልተቆጠረም።

ሃይብሪድ የሚያውቅ ያልኩት ለማሳመር አይደለም። በቶዮታ ሃይብሪዶች የፍሬኑን ግፊት የሚያዘጋጀው ፓምፕ በር ሲከፈት ወይም ፔዳል ሲነካ በራሱ ሊነሣ ይችላል። ካሊፐሩ ወርዶ ሳለ እንዲህ ቢሆን ፒስቶኑ ከቤቱ ሊወጣ ይችላል፤ ጣት ከመካከል ካለም ጣት ይጎዳል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ፓምፑ እንዳይነሣ ይደረጋል። ጋራዡን ሲመርጡ «የካምሪ ሃይብሪድ ፍሬን ስትቀይሩ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «ጎማውን እናወልቃለን» ከሆነ ሌላ ቦታ ይሂዱ።

ዲለሩን ጨርሰው አይጣሉት። የሃይብሪድ ባትሪና የኤሌክትሪክ ክፍሎቹ፣ የካሜራ ማስተካከያ፣ በዋስትና የሚሠራ ነገር ሁሉ የእርሱ ነው። አምራቹ ለደኅንነት ሲል መልሶ የሚጠራቸው ጥገናዎችም በነፃ የሚሠሩት እዚያ ነው፤ ሕጉ መኪናዋ መጀመሪያ ከተሸጠች 15 ዓመት እስኪሞላት ድረስ ያለ ክፍያ እንዲሠሩ ያስገድዳል፤ ማይልም፣ የውጭ ዕቃ መግጠምዎም አይጠየቅም። የቻሲ ቁጥርዎን በመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ አስገብተው ዛሬውኑ ይመልከቱ።

አንድ ቀን ዋስትና ያለው ክፍል ተበላሽቶ «የውጭ ዕቃ ስላለብህ አንሠራም» ቢሉዎት በቃል አይመለሱ። የትኛው ዕቃ፣ የትኛውን ክፍል፣ እንዴት እንደጎዳ በሥራ ማዘዣው ላይ እንዲጽፉት ይጠይቁ። እንዲጽፉ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ቃላቸውን ያለሰልሳሉ። ከጻፉት ወረቀቱን ይዘው መጀመሪያ ለአምራቹ የደንበኞች አገልግሎት፣ ቀጥሎ ለክፍለ ግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍልና ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያመልክቱ። ለዚያ ቀን የሚያስፈልግዎት ደረሰኝ ነው፤ የዘይት ለውጥም ቢሆን፣ የጎረቤት ጋራዥም ቢሠራው፣ ቀኑ፣ ማይሉና የገባው ዕቃ ስም የተጻፈበት ወረቀት ከዋስትና መጽሐፉ ጋር በአንድ ፖስታ ያስቀምጡ።

አገር ቤት ሆነው ይህን ለምታነቡ፦ ከላይ የጠቀስኩት ሕግ የአሜሪካ ነው፤ አዲስ አበባ ያለን ወኪል አይገዛም። እዚያ የሚያከራክራችሁ የሽያጭ ውላችሁ ላይ ስለ ዋስትና የተጻፈው ቃል ነው፤ ስለዚህ ዘመድ ከውጭ የላከውን ዕቃ ከማስገጠማችሁ በፊት ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ።